የጥንታዊው ሜዲቴራኒያን ታሪክ ጥናት ወደ መጽሔት የሚቀርብበት ሥርዓት

ሀ. መግቢያ

የሜዲቴራኒያንን ባሕር ከበው ይኖሩ ስለ ነበሩት ጥንታውያን ሕዝቦች፣ ይኸውም ስለ ግሪኮችና ስለ ሮማውያን፣ ስለ ፊንቄያውያንና ስለ ካርታጎ ሰዎች የሚደረገው ምርምር ለብዙ ሰው የሚታወቀው በታላላቅ መጻሕፍት ነው። ነገር ግን አብዛኛው አዲስ ዕውቀት በመጀመሪያ የሚወጣው በጥቂት ዐሥር ገጾች በሚያልቅ ጽሑፍ ነው። ያም ጽሑፍ በሊቃውንት መጽሔት ታትሞ፣ በሌሎች ሊቃውንት ተመርምሮና ተተችቶ ከጸና በኋላ ወደ መጽሐፍ ይገባል። ስለዚህ አንድ ተመራማሪ ጽሑፉን ወደ መጽሔት የሚያቀርብበት ሥርዓት የመላክና የመቀበል ጉዳይ ብቻ መስሎ ቢታይም፣ ነገሩ ከዚህ የጠለቀ ነው። ከሁለት ሺሕ ዓመት በፊት የሆነው ነገር በምን ማስረጃ እንደሚታመን የሚወሰነው በአብዛኛው በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ነው።

ከነዚህ መጽሔቶች ብዙዎቹ ረጅም ዕድሜ አላቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በጀርመን አገር ራይኒሼስ ሙዜዩም በ1827፣ ሄርሜስ በ1866፣ ክሊዮ በ1901 ተመሠረቱ። በሆላንድ አገር ምኔሞሲኔ የተባለው መጽሔት በ1852 ወጣ። በእንግሊዝ አገር በ1879 የተቋቋመው የግሪክ ጥናት ማኅበር የመጽሔቱን የመጀመሪያ ቅጽ በ1880 አሳተመ፤ የሮማ ጥናት መጽሔትም በ1911 ተከተለው። የአሜሪካው የአርኬኦሎጂ መጽሔት በ1885፣ ሂስቶሪያ የተባለው በ1950፣ የፓፒሩስንና የድንጋይ ላይ ጽሑፎችን ብቻ የሚያጠናው የጀርመኖች መጽሔት ደግሞ በ1967 ተጀመሩ። እነዚህ ሁሉ በአገርና በቋንቋ ቢለያዩም የሚመሩበት ሐሳብ አንድ ነው። ይኸውም አንድ ጽሑፍ የሚመዘነው መደምደሚያው አዲስ ወይም አስደናቂ በመሆኑ ሳይሆን፣ አንባቢው ጸሐፊውን ሳያምን፣ የቀረበለትን ማስረጃ ብቻ ተከትሎ ወደዚያው መደምደሚያ መድረስ በመቻሉ ነው።

ከዚህ በታች የሚቀርበው ማብራሪያ ይህ ሐሳብ በሥራ ላይ ሲውል ምን እንደሚመስል በታወቁ ምሳሌዎች ለማሳየት የታቀደ ነው።

ለ. ጽሑፉ ከመላኩ በፊት

የመጀመሪያው ሥራ ጥያቄውን ማጥበብ ነው። «የአቴንስ መንግሥት ታሪክ» የሚለው ርእስ ለመጽሐፍ እንጂ ለመጽሔት አይሆንም። ነገር ግን ቱኪዲደስ የተባለው የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ የአቴንስ ተባባሪ ከተሞች እንዲከፍሉ መጀመሪያ የተመደበባቸው ግብር 460 ታላንት እንደ ነበረ ይናገራል። በሌላ በኩል ከ454 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ጀምሮ አቴናውያን ከግብሩ ከ60 አንድ እጁን አቴና ለተባለችው አምላካቸው ሲሰጡ፣ የእያንዳንዱን ከተማ ድርሻ በእብነ በረድ ላይ ቀርጸው ትተዋል። ከዝርዝሩ የሚገኘው ድምር ከቱኪዲደስ ቁጥር ያነሰ ስለሚመስል ሊቃውንት ብዙ ተከራክረውበታል። «የጸሐፊው ቁጥርና የድንጋዩ ቁጥር ሊስማሙ ይችላሉን?» የሚለው እንግዲህ ለአንድ ጽሑፍ የሚበቃ ጥያቄ ነው፤ የሚመለስበት ማስረጃም ሆነ የሚወድቅበት ምክንያት በግልጥ ይታወቃል።

ሁለተኛው ሥራ ከዚያ በፊት የተጻፈውን ማወቅ ነው። በዚህ የጥናት ዘርፍ እንግሊዝኛ ብቻ የሚያነብ ሰው ብዙ ይቀርበታል፤ ከግሪክኛና ከላቲን ሌላ ጀርመንኛ፣ ፈረንሳይኛና ኢጣልያንኛ ያስፈልጋሉ። ለዚህ ሥራ ዋናው መሪ በዡል ማሩዞ ጀማሪነት ከ1924 ወዲህ የታተሙትን ጥናቶች በየዓመቱ እየመዘገበ የሚወጣው «ላኔ ፊሎሎዢክ» የተባለው ዝርዝር ነው። የቀደሙትን ሊቃውንት ሐሳብ ማንሣት ለአክብሮት ብቻ የሚደረግ አይደለም። አንባቢው አዲሱ ጽሑፍ ከወዴት እንደሚጀምር፣ ከሌላው የተወሰደውና ጸሐፊው ራሱ የጨመረው የቱ እንደ ሆነ ለይቶ እንዲያውቅ ነው።

ሦስተኛው የአጠቃቀስ ሥርዓት ነው። የጥንት ጸሐፊ የሚጠቀሰው በታተመበት መጽሐፍ ገጽ አይደለም፤ በመጽሐፉ ክፍልና በምዕራፉ ቁጥር ነው። ከላይ የተነሣው የ460 ታላንት ወሬ «ቱኪዲደስ፣ 1ኛ መጽሐፍ፣ ምዕራፍ 96» ተብሎ ከተጻፈ፣ በሮማ ያለውም በአዲስ አበባ ያለውም አንባቢ የትኛውንም እትም ቢይዝ ቦታውን ያገኘዋል። የድንጋይ ላይ ጽሑፍም እንዲሁ በታላላቅ ስብስቦች ውስጥ በተሰጠው ቁጥር ይጠራል፤ ለምሳሌ የላቲኖቹ ጽሑፎች በ1853 በቴዎዶር ሞምዘን ዕቅድ በበርሊን አካዳሚ በተጀመረው ስብስብ ቁጥር ይታወቃሉ። ይህ ሥርዓት ለጀማሪ አድካሚ መስሎ ይታየዋል። ነገር ግን የግርጌ ማስታወሻ ማለት አንባቢው ጸሐፊውን ሊቈጣጠርበት የተከፈተለት በር ነው፤ የተሳሳተ ቁጥርም በሩን ይዘጋበታል።

ከዚህም በላይ ጸሐፊው የመረጠው መጽሔት ለእንዲህ ያለው ጉዳይ የቆመ መሆኑን የታተሙትን ቅጾች አንብቦ ማረጋገጥ አለበት። አንድን ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ወደ ሁለት መጽሔቶች መላክ ክልክል ነው። የሥዕልና የፎቶግራፍ ፈቃድም ዕቃው ካለበት ሙዚየም አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል። በሕገ ወጥ ቍፋሮ የተገኙ ዕቃዎች ንግድ እንዳይስፋፋ፣ በኅዳር ወር 1970 የተፈረመው የዩኔስኮ ስምምነት ከወጣ ወዲህ፣ ከየት እንደ ተገኘ በሰነድ ያልተረጋገጠን ዕቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ለማሳተም እንቢ የሚሉ መጽሔቶች አሉ። የተገኘበት ቦታ የማይታወቅ ዕቃ በታሪክ ፊት ምስክርነቱ እጅግ የደከመ ነው።

ሐ. የሊኒያር ቢ ምሳሌ

አንድ ጽሑፍ እንዴት መቅረብ እንዳለበት ለማስረዳት ከሊኒያር ቢ ጽሕፈት ታሪክ የተሻለ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም። አርተር ኤቫንስ በ1900 በቀርጤስ ደሴት በክኖሶስ፣ ካርል ብሌገን ደግሞ በ1939 በግሪክ ምድር በፒሎስ ብዙ የሸክላ ሰሌዳዎች አገኙ። በሰሌዳዎቹ ላይ ያለውን ጽሕፈት ለሃምሳ ዓመት ያህል ማንም ማንበብ አልቻለም፤ ቋንቋውም አይታወቅም ነበር።

በ1940 በአሜሪካው የአርኬኦሎጂ መጽሔት አንድ ጽሑፍ ታተመ። ጸሐፊው ማይክል ቬንትሪስ የተባለ እንግሊዛዊ ሲሆን ገና 18 ዓመቱ ነበር፤ ዕድሜውንም ለአዘጋጆቹ አልገለጸም። ጽሑፉ ቋንቋው ከኤትሩስካውያን ቋንቋ ጋር የሚዛመድ ነው የሚል ነበር። ይህ አሳብ ኋላ ስሕተት ሆኖ ተገኝቷል። ከዚህም ሁለት ነገር ይታወቃል፤ አንደኛ፣ መጽሔት የሚመለከተው የጸሐፊውን ዕድሜና ማዕርግ ሳይሆን ጽሑፉን ነው። ሁለተኛ፣ አንድ አሳብ በመጽሔት መታተሙ ለክርክር መቅረቡን እንጂ እውነት መሆኑን አያረጋግጥም።

በዚያው መጽሔት በ1945፣ በ1946ና በ1948 አሊስ ኮበር የተባለች አሜሪካዊት ሊቅ ጥናቶቿን አሳተመች። ኮበር ስለ ቋንቋው ማንነት ምንም መላ ምት አላቀረበችም፤ ያሳየችው አንዳንድ ቃላት መጨረሻቸው በሥርዓት እንደሚለዋወጥ ብቻ ነው። ይህን ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስቸግርም። «ቤት»፣ «ቤቱ»፣ «ቤቴ» የሚሉትን ቃላት ብንመለከት የመጨረሻዎቹ ፊደላት ት፣ ቱ፣ ቴ ናቸው፤ ተነባቢያቸው አንድ ሆኖ የሚለያዩት በአናባቢ ነው። ሊኒያር ቢም እንደ ግእዝ ፊደል እያንዳንዱ ምልክት ተነባቢውን ከአናባቢው ጋር አጣምሮ የሚይዝበት ጽሕፈት ነው። ልዩነቱ፣ በግእዝ ፊደል የት፣ የቱና የቴ ዝምድና ከቅርጻቸው ሲታወቅ፣ በሊኒያር ቢ ግን የአንድ ቤት ምልክቶች በመልክ አለመመሳሰላቸው ነው። ስለዚህ ኮበር ድምፃቸውን ሳታውቅ፣ የቃላቱን አለዋወጥ ብቻ እየተከተለች የትኞቹ ምልክቶች በተነባቢ፣ የትኞቹስ በአናባቢ እንደሚዛመዱ ማሳየት ጀመረች። ያልተነበበ ጽሕፈት የፊደል ገበታ መሥራት እንደ ማለት ነው። ሥራዋን ሳትፈጽም በ1950 ሞተች፤ ሆኖም ማስረጃዋ ተዘርዝሮ ታትሞ ስለ ነበር ሌላው ከቆመችበት ሊቀጥል ቻለ።

ቬንትሪስ በሙያው የቤት ንድፍ ዐዋቂ እንጂ የዩኒቨርሲቲ መምህር አልነበረም። ኤመት ቤኔት የፒሎስን ሰሌዳዎች በ1951 ካሳተመ በኋላ ያንን ገበታ እያሰፋ ሄደ። ከጥር 1951 እስከ ሰኔ 1952 ድረስ ባለው ጊዜ ውስጥ 20 የሥራ ማስታወሻዎች እየጻፈ ለሊቃውንት ላከ። የመጨረሻው ማስታወሻ ርእሱ የክኖሶስና የፒሎስ ሰሌዳዎች በግሪክኛ የተጻፉ ይሆኑን የሚል ጥያቄ ነበር። እሱ ራሱ ለብዙ ዓመት ግሪክኛ አይደለም ይል ስለ ነበር፣ መልሱ ከቀድሞ እምነቱ ጋር የሚጋጭ ነበር።

ከዚህ በኋላ የግሪክኛን ጥንታዊ ቀበልኛዎች ከሚያውቀው ከጆን ቻድዊክ ጋር ሆኖ በ1952 መጨረሻ ጽሑፍ አዘጋጀ፤ ይህም በግሪክ ጥናት መጽሔት 73ኛ ቅጽ በ1953፣ ከገጽ 84 እስከ ገጽ 103 ታትሞ ወጣ። ርእሱን ልብ ብሎ መመልከት ይገባል። «የሊኒያር ቢ ምስጢር ተፈታ» አላሉም፤ በሚኬኔ መዛግብት ውስጥ ስላለው የግሪክኛ ቀበልኛ «ማስረጃ» ነው ያሉት። ለምልክቶቹ የሰጡትን ድምፅ በሠንጠረዥ አቀረቡ፤ ድምፁ ያልታወቀውን ምልክት ባዶ ተዉት፤ ቃላቱ የሚከተሉትን የአጻጻፍ ደንብም ዘረዘሩ። በዚህም አንባቢው ሠንጠረዡን ይዞ እነርሱ ያላዩትን ሰሌዳ እንኳ ሊፈትንበት ቻለ።

ፈተናውም ሳይዘገይ መጣ። ብሌገን በ1952 ከፒሎስ ያወጣውን አንድ ሰሌዳ በ1953 የጸደይ ወራት አጽድቶ የቬንትሪስን ድምፆች ቢሞክርበት፣ ሦስት እግር ያላቸው ሁለት ድስቶች ከተሣሉበት አጠገብ «ቲ-ሪ-ፖ-ዴ»፣ አንድ ድስት ካለበት አጠገብ ደግሞ «ቲ-ሪ-ፖ» የሚል አገኘ፤ በግሪክኛ ባለ ሦስት እግር ማለት ነው። እጄታዎቹ «ጆሮ» በሚል ስም ተጠርተው፣ ባለ አራት ጆሮ ዕቃ ካለበት «ቄ-ቶ-ሮ-ዌ»፣ ጆሮ የሌለው ዕቃ ካለበት «አ-ኖ-ዌ» የሚል ተነበበ። የድምፆቹ ሠንጠረዥ ሰሌዳው ከመጽዳቱ በፊት የተዘጋጀ ስለ ነበር፣ ድምፆቹ ሰሌዳውን እንዲመስሉ ሆን ተብለው የተሠሩ ናቸው ለማለት አይቻልም።

ያም ሆኖ ተቃውሞ አልቀረም። የኤዲንበርግ ዩኒቨርሲቲው አርተር ቢቲ የፍቺውን መንገድ ነቅፎ የጻፈው ጽሑፍ በ1956 ታተመ፤ የታተመውም በዚያው በግሪክ ጥናት መጽሔት በ76ኛው ቅጽ ነው። ቬንትሪስ በዚያ ዓመት በመስከረም ወር በመኪና አደጋ ሞተ። የቬንትሪስ ንባብ ዛሬ የጸናው መጽሔቱ ስለ ደገፈው ሳይሆን፣ ደጋፊውም ነቃፊውም በአንድ ገበታ ላይ ማስረጃቸውን እንዲያቀርቡ ስለ ተፈቀደላቸው ነው።

መ. የታየውን ከተገመተው መለየት

ከጥንት ዘመን የቀሩት ድንጋዮችና ፓፒሩሶች አብዛኛውን ጊዜ የተሰበሩ ናቸው። የጠፋውን ቃል ሊቁ በግምት ይሞላዋል፤ ይህም የተፈቀደ ነው። አደጋው ግምቱ ከጊዜ ብዛት እንደ ማስረጃ መቈጠሩ ነው። ይህን ለመከላከል በ1931 በሆላንድ አገር በላይደን ከተማ የተሰበሰቡ ሊቃውንት አንድ የምልክት ሥርዓት አጸደቁ፤ እስከ ዛሬም ጥቂት እየተሻሻለ ይሠራበታል። በዚህ ሥርዓት ከድንጋዩ ጠፍቶ ሊቁ የሞላው ፊደል በማዕዘናዊ ቅንፍ ውስጥ ይገባል። በከፊል የሚታይ አጠራጣሪ ፊደል ከሥሩ ነጥብ ይደረግበታል። አሕጽሮት የተፈታበት ክፍል በክብ ቅንፍ፣ የጥንቱ ጸሐፊ ራሱ የፋቀው ደግሞ በድርብ ቅንፍ ይመለከታል። ወደ መጽሔት የሚላክ ጽሑፍ እነዚህን ምልክቶች ከሳተ፣ ሌላው ሁሉ ቢያምርም ሊታመን አይችልም። ኤርንስት ባዲያን የተባለው የታሪክ ሊቅ በ1989 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በቅንፍ ውስጥ ካለ የዘመኑ ሊቃውንት ግምት ታሪክ መሥራት ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ አስጠንቅቋል።

ለዚህ ጉዳይ አቴንስ በሲሲሊ ደሴት ከምትገኘው ከኤጌስታ ከተማ ጋር ያደረገችው የቃል ኪዳን ድንጋይ መልካም ምሳሌ ነው። አቴናውያን ዓመቱን የሚጠሩት በዓመቱ ሹም ስም ነበር። በዚህ ድንጋይ ላይ ግን ከሹሙ ስም በግልጥ የሚታየው የመጨረሻው «ኦን» ብቻ ነበር። ስሙ ሃብሮን ከሆነ ዓመቱ 458/7፣ አንቲፎን ከሆነ 418/7 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ይሆናል፤ በመካከላቸው የ40 ዓመት ልዩነት አለ። ብዙዎቹ ሊቃውንት የቀደመውን ዘመን የመረጡት በፊደል ቅርጽ ምክንያት ነው፤ በድንጋዩ ላይ ሲግማ የተባለው ፊደል በሦስት መስመር ተቀርጿል፤ ይህም ቅርጽ ከ446 ገደማ በኋላ በመንግሥት ድንጋጌዎች ላይ አይገኝም የሚል ደንብ ነበር።

ሃሮልድ ማቲንግሊ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በ1961 ሂስቶሪያ በተባለው መጽሔት ይህን ደንብ መቃወም ጀመረ። የአቴንስ ጽኑ አገዛዝ የሚታይባቸው ድንጋጌዎች ብዙዎቹ በፔሪክሌስ ዘመን ሳይሆን ከእርሱ በኋላ የተቀረጹ ናቸው አለ። ነገሩ የአንድ ፊደል ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ደንቡ ከወደቀ የአቴንስ ግዛት መቼና በማን እጅ እንደ ከፋ የሚተረከው ታሪክ በሙሉ ይለወጣል። ራስል ሜግስ በ1966 በግሪክ ጥናት መጽሔት ለነባሩ ደንብ የቆመውን ማስረጃ ሰብስቦ አቀረበ፤ ማቲንግሊም ለብዙ ዓመታት በተለያዩ መጽሔቶች መልስ መስጠቱን አላቋረጠም። በመጨረሻ በ1990 ሦስት ተመራማሪዎች ድንጋዩን በሌዘር ብርሃንና በኮምፒውተር በተጠራ ፎቶግራፍ መርምረው ስሙ አንቲፎን መሆኑን የሚያሳይ ጽሑፍ አወጡ። ከዚያ ወዲህ አብዛኞቹ ሊቃውንት የ418/7ን ዓመት ተቀብለዋል፤ የሲግማው ደንብም እንደ ቀድሞው ሊጸና አልቻለም። ለሠላሳ ዓመት ያህል በጥቂቶች ብቻ ይደገፍ የነበረ አሳብ በሕይወት የቈየው መጽሔቶች ስላተሙት፣ ጸሐፊውም የታየውን ከተገመተው ለይቶ ስላቀረበው ነው።

ሠ. አዘጋጁና መርማሪዎቹ

ዛሬ ጽሑፍ የሚላከው በአብዛኛው በኢንተርኔት ነው። የመጽሔቱ አዘጋጅ መጀመሪያ ጉዳዩ ለመጽሔቱ የሚስማማና በሥርዓት የተዘጋጀ መሆኑን ይመለከታል፤ ብዙ ጽሑፎች ከዚህ በር ይመለሳሉ። ካለፈ ግን ጉዳዩን ለሚያውቁ መርማሪዎች ይሰጠዋል፤ እነርሱም ብዙውን ጊዜ ሁለት ናቸው። በብዙ መጽሔቶች መርማሪው የጸሐፊውን ስም፣ ጸሐፊውም የመርማሪውን ስም አያውቁም። ስለዚህ ጸሐፊው ስሙን፣ የሚሠራበትን ተቋምና የምስጋና ቃሉን ከሚልከው ቅጅ ያወጣል፤ የራሱንም የቀድሞ ሥራ እንደ ሌላ ሰው ሥራ አድርጎ ይጠቅሰዋል። የሥርዓቱ ዓላማ ታላቁ በስሙ እንዳይታለፍ፣ ታናሹም በስሙ እንዳይወድቅ ነው።

መርማሪው የሚመልሳቸው ጥያቄዎች በጥቅሉ የሚከተሉት ናቸው። ጥያቄው በግልጥ ቀርቧልን? ጸሐፊው ማስረጃውን በመጀመሪያው ቋንቋ አንብቦታልን ወይስ በትርጉም ላይ ተደግፏል? አሳቡን የሚቃወመውን ማስረጃ ጠቅሶታልን ወይስ ደብቆታል? መደምደሚያው ከማስረጃው የሚበልጥ ነገር ይናገራልን? ከነዚህ ሁሉ የመጨረሻው ብዙ ጸሐፊዎችን ይጥላል። «ሊሆን ይችላል» ተብሎ በ3ኛው ገጽ የተጀመረ ነገር በ10ኛው ገጽ «እንደ ታየው» ተብሎ ከተጠቀሰ፣ መርማሪው እዚያው ላይ ምልክት ያደርጋል።

መልሱ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ወራት በኋላ ይመጣል፤ ከአራት አንዱም ይሆናል፤ እንዳለ መቀበል፣ በጥቂት እርማት መቀበል፣ በብዙ ተሻሽሎ እንደ ገና እንዲቀርብ መጠየቅ፣ ወይም መመለስ። እንዳለ መቀበል ብርቅ ነው። እንዲሻሻል የተጠየቀ ጸሐፊ ከታረመው ጽሑፍ ጋር ለእያንዳንዱ ነቀፌታ በተራ መልስ የሚሰጥ ደብዳቤ ይልካል። መርማሪው የተሳሳተ መስሎ በታየው ቦታ ምክንያቱን በትሕትና ገልጦ መቃወም ይችላል፤ ዝም ብሎ ማለፍ ግን አይገባውም። መርማሪው አንድን አንቀጽ በተሳሳተ መንገድ ከተረዳው፣ ሌላውም አንባቢ እንዲሁ ሊረዳው ስለሚችል አንቀጹ መስተካከል አለበት።

የተመለሰ ጽሑፍ ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። መርማሪዎች ሰዎች ናቸው፤ በዘመናቸው የጸናውን ደንብ ሊወዱ ይችላሉ፤ የሲግማው ክርክርም አንድ ደንብ ለምን ያህል ዓመት ሊቃውንትን አስሮ ሊቈይ እንደሚችል አሳይቷል። ነገር ግን ከዚህ የሚያድነው መርምሮ የማተምን ሥርዓት መሻር አይደለም፤ ብዙ መጽሔቶች መኖራቸውና ጸሐፊው ነቀፌታውን ተጠቅሞ ማስረጃውን ማጠናከሩ ነው።

ጽሑፉ ከጸደቀ በኋላ የእርማት ቅጅ ለጸሐፊው ይደርሰዋል። በዚህ ጊዜ የሚታረመው የማተሚያ ቤት ስሕተት ብቻ ነው፤ አዲስ አሳብ መጨመር አይፈቀድም። በተለይም የግሪክኛ ፊደላት፣ ቁጥሮች፣ ቅንፎችና ከፊደል ሥር ያሉ ነጥቦች አንድ በአንድ መመርመር አለባቸው። አንድ ቅንፍ በእርማት ጊዜ ቢወድቅ፣ የሊቁ ግምት ለወደፊት አንባቢ የድንጋዩ ቃል ሆኖ ይታያልና።

ረ. የአዱሊስ ጽሑፎች

የሜዲቴራኒያን ታሪክ በቀይ ባሕር በኩል ከአክሱም ታሪክ ጋር የሚገናኝበት ቦታ አለ። ለዚህ ዋናው ምስክር በአዱሊስ ወደብ የነበሩት ሁለት የግሪክኛ ጽሑፎች ናቸው። ኮስማስ የተባለው የእስክንድርያ ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ ዮስጢኖስ ቀዳማዊ በነገሠበት ዘመን፣ የአዱሊሱ ሹም ለአክሱም ንጉሥ እንዲላክ ስለ ጠየቀው ጽሑፎቹን ቀዳ። አንደኛው በሐውልት ላይ፣ ሁለተኛው በእብነ በረድ ዙፋን ላይ የተቀረጸ ነበር። ድንጋዮቹ እስከ ዛሬ አልተገኙም፤ ቃላቸው የታወቀው የኮስማስ መጽሐፍ በተገለበጠባቸው ጥንታውያን ብራናዎች ነው፤ ከነዚህም ዋናዎቹ በቫቲካን፣ በሲና ገዳምና በፍሎሬንስ ይገኛሉ።

ኮስማስ የዙፋኑን ቃል የሐውልቱ ተከታይ አድርጎ ስላቀረበው፣ ሁለቱ ለረጅም ዘመን የአንድ ንጉሥ ቃል ተደርገው ይነበቡ ነበር፤ ያም ንጉሥ የግብጹ ጰጥሎሜዎስ 3ኛ ነው። ነገር ግን ጽሑፎቹን በጥንቃቄ የሚያነጻጽር ሰው ልዩነታቸውን ያያል። የሐውልቱ ጽሑፍ ስለ ጰጥሎሜዎስ ሲናገር «እርሱ» ይላል፤ የዙፋኑ ንጉሥ ግን «እኔ» እያለ ራሱ ይናገራል። የዙፋኑ ጽሑፍ የንጉሡን 27ኛ የንግሥና ዓመት ይጠቅሳል፤ ጰጥሎሜዎስ 3ኛ ግን በ246 ነግሦ ከ25 ዓመት ያህል በኋላ ሞቷል። የዙፋኑ ንጉሥ ያስገበራቸው አገሮችም ጋዜ፣ አጋሜ፣ ስሜንና ሌሎችም ሲሆኑ፣ ከባሕሩ ማዶ እስከ ሳባውያን አገር ይደርሳሉ። ስለዚህ የዙፋኑ ጽሑፍ ስሙ የጠፋ የአክሱም ንጉሥ ቃል መሆኑ ዛሬ ታውቋል። ሁለቱ ባይለዩ ኖሮ የአክሱሙ ንጉሥ ሥራ በግብጹ ንጉሥ ስም ተመዝግቦ ይቀር ነበር።

ዛሬ በዚህ ጉዳይ ላይ ጽሑፍ የሚያቀርብ ተመራማሪ ከላይ የተዘረዘረውን ሥርዓት ሁሉ እዚህ ያገኘዋል። ሁለቱን ጽሑፎች በ1903 በታተመው በዲተንበርገር ስብስብ በቁጥር 54 እና 199፣ በ1991 በወጣው የኢትዮጵያ ጽሑፎች ስብስብ ደግሞ በቁጥር 276 እና 277 ይጠቅሳቸዋል። ምስክሩ ድንጋዩ ሳይሆን ብራናው መሆኑን ይገልጣል፤ ብራናዎቹ የሚለያዩበትንም ያመለክታል። የሐውልቱ ጽሑፍ ስለ «ኢትዮጵያ» ዝሆኖች ሲናገር፣ በዚያ ዘመን ግሪክኛ ቃሉ ከግብጽ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ አገር የሚያመለክት መሆኑን፣ በኋላ ግን በንጉሥ ዔዛና ዘመን በተቀረጸው ሐውልት ላይ የግሪክኛው «ኢትዮጵያውያን» በግእዙ «ሐበሠት» ከሚለው ጋር ተነጻጽሮ መቆሙን ለይቶ ያስረዳል። ስሙ አንድ ስለ ሆነ አገሩም አንድ ነው ብሎ የሚቸኩል ጽሑፍ በመርማሪዎች እጅ አያልፍም፤ ቢያልፍም በአንባቢዎች ዘንድ አይጸናም። ግሪክኛውንም ግእዙንም የሚያነብ ተመራማሪ ግን ሌሎች በከፊል ብቻ የሚያዩትን ማስረጃ በሙሉ ሊያይ ስለሚችል፣ በዚህ መስክ የሚሰጠው ምስክርነት ትልቅ ዋጋ አለው።

ሰ. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የቀረቡት ምሳሌዎች በዘመንና በቦታ የተራራቁ ናቸው። ሁሉም የሚያስረዱት ግን አንድ ነገር ነው። የኮበር ጥናት ሳይፈጸም ቀርቶ ጠቃሚ ሆነ፤ የማቲንግሊ አሳብ ሠላሳ ዓመት ቈይቶ ተቀባይ አገኘ፤ የአዱሊሱ ንጉሥ ስሙ ቢጠፋም ሥራው ተመለሰለት። ይህ ሊሆን የቻለው እያንዳንዱ ማስረጃ ከግምቱ ተለይቶ፣ ሌላው ሰው ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ ስለ ተቀመጠ ነው። ወደ መጽሔት ጽሑፍ የሚልክ ሊቅም ሆነ ተማሪ የሚጠየቀው ዋና ነገር ይኸው ነው፤ እሱ በሌለበት፣ ከብዙ ዓመትም በኋላ፣ የማያውቀው አንባቢ መንገዱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከትሎ ትክክል መሆኑን ወይም ስሕተቱ የት እንዳለ ለማሳየት እንዲችል አድርጎ መጻፍ ነው።